ጉግስ፤ በደብረ ታቦር አካባቢ ስለሚደረገው የፈረሰኞች ልምምድ

ጉግስ በሁለት ወገን የተሰለፉ ፈረሰኞች በዘንግና በጋሻ የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ በጥር ወር በጥምቀትና በመርቆሬዎስ በዓል ዛሬም ይታያል። ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቀው የፈረሱን ጌጥና የግልቢያውን ፍጥነት ነው። ዳሩ ግን ጨዋታው በመሠረቱ የጦር ትምህርት ስለ ነበረ፣ ትምህርቱ በምን ሥርዓት እንደሚገኝ መመርመር ይገባል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ከአንዱ ወገን የወጣው ይሸሻል፤ ከሌላው ወገን የወጣው ይከተለዋል። አባራሪው እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው ወይ በኮርቻው ላይ ጐንበስ ብሎ ያሳልፈዋል፣ ወይም ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክተዋል። በጦር ፈንታ ብረት የሌለው ዘንግ የሚያዘው ስሕተት የሚያስከትለውን ጉዳት ለማቅለል ነው። ቀጥሎም ተራው ይለወጣል፤ አባራሪ የነበረው ተባራሪ ይሆናል።

የትምህርቱ ፍሬ ያለው በዚህ መለዋወጥ ነው። ለብቻው የሚጋልብ ሰው ግልቢያን ይማራል እንጂ ጉግስን ሊማር አይችልም። ሸሺው ፈረሱን እየመራ የአባራሪውን ክንድ መመልከትና ዘንጉ ከእጅ የሚለቀቅበትን ቅጽበት መገመት አለበት። ጋሻውን ቀድሞ ቢያዞር አባራሪው ሌላ ስፍራ ያነጣጥርበታል፤ ቢዘገይ ይመታል። አባራሪውም ከሩቅ ቢወረውር ዘንጉ በከንቱ ይወድቃል። እንግዲህ ሁለቱም ርቀትንና ጊዜን የሚማሩት አንዱ ከሌላው ነው።

ይህን የመሰለ ትምህርት በሌላም አገር ይገኛል። ራፒየር ስለሚባለው ረጅም ሰይፍ በ1610 እ.ኤ.አ. በሲዬና ከተማ መጽሐፍ ያሳተመው ኢጣሊያዊው ሪዶልፎ ካፖ ፌሮ፣ በሥዕሎቹ ተጋጣሚዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ ያሳያል። ዛሬ ይህን ጥበብ የሚለማመዱ ሰዎችም አንዱ ሲሰነዝር ሌላው እየመከተ ይመልሳል፤ ከዚያም ተራ ይለዋወጣሉ። ልዩነቱ ግን እነርሱ ምቱን አስቀድመው ተስማምተው በዝግታ መጀመራቸው ነው። በጉግስ አስቀድሞ የሚታወቀው ሕጉ እንጂ ምቱ አይደለም።

ደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የኀይላቸው ዋና መሠረት ፈረሰኛው ነበር። በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊ በአይሻል በደጃዝማች ካሣ ድል ሆኑ። በ1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም በወደቁ ጊዜ ግን ቦምብ የሚጥል አይሮፕላን በውጊያው ላይ ውሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፈረሰኛ ልምምድ ለጦርነት ያለው ጥቅም እየቀነሰ ሲሄድ ጨዋታው ከበዓሉ ጋር ቀረ።

የራፒየር ልምምድ ከተቋረጠ በኋላ ከመጻሕፍት ሊነሣ ችሏል። የጉግስ መጽሐፉ ግን ተጋጣሚው ራሱ ነው፤ አባራሪና ተባራሪ የጠፉ ዕለት ፈረሱና ጌጡ ቢተርፉም ጥበቡ አይተርፍም። ስለዚህ የባሕል መርማሪ የለምዱንና የኮርቻውን ቀለም ብቻ ሳይሆን፣ ዘንጉ ከምን ያህል ርቀት እንደሚወረወርና ጋሻው መቼ እንደሚዞር ከአረጋውያን ፈረሰኞች ጠይቆ መመዝገብ ይገባዋል።