ክረምት ማለት ብርድ ነው ወይስ ዝናብ? ጣሪያው የሚከፈት መኪና ሮም ላይ መቼ ይረፍ?

ዛሬ ከፖለቲካው መንደር ትንሽ ወጣ ብለን ስለ መኪና እንነጋገራለን። ይህማ ቅንጦት ነው የምትሉ አትጠፉም። ሮም ውስጥ ለዓመታት ሠርቶና ቆጥቦ አንድ ያገለገለ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ወይም ፊያት 124 ስፓይደር ለገዛ ወገናችን ግን መኪናው የላቡ ዋጋ ነው። ታዲያ መቼ ያሳርፈው? ቀድሞ ካቆመው የዓመቱን ምርጥ ቀናት ያጣል። ከዘገየ የሸራ ጣሪያው ይሻግታል። ሕጉን ሳያውቅ ኢንሹራንሱን አቋርጦ መንገድ ዳር ከተወው ደግሞ መኪናው ራሱ ሊያዝበት ይችላል።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። እኛ ክረምት ስንል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወቅት ማለታችን ነው። ፈረንጅ ግን ክረምት የሚለው ብርዱን ነው። አዲስ አበባ ላይ ጣሪያው የሚከፈት መኪና ያለው ሰው ሰኔ ግም ሲል፣ በረዶው ሸራውን ሳይደበድበው፣ መኪናውን ያስገባል፤ የሚያወጣውም መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። በእነዚያው ወራት የሮም ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ሐምሌ ከዓመቱ ሁሉ ዝናብ የሚያንሰው ወር ነው። ሮምን ዝናብ የሚያጥባት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ብርዱ መጠነኛ ነው፤ በረዶ ከተማዋን ሲሸፍን፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 እና በፌብሩዋሪ 2018 እንደሆነው፣ የዓለም ዜና ይሆናል። ስለዚህ ለመኪና ሲታሰብ የሮም ክረምት ከስቶክሆልም ይልቅ ለእኛው ክረምት ይቀርባል። ዋናው ጠላት እርጥበት ነው።

ይህ ልዩነት ለምን አስፈለገ? በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶና በስቶክሆልም የምትኖሩ አንባብያን ቀኑን የሚቆርጥላችሁ ጨው ነው። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናውን ሆድ ያዝገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጨው ሳይበተን ታስገባላችሁ፤ የፀደይ ዝናብ መንገዱን አጥቦ ሲጨርስ ታወጣላችሁ። ሮም ከተማ ውስጥ ጨው የሚበተነው ከስንት አንዴ ነው። ይሁን እንጂ በኤ24 አውራ ጎዳና ወደ ላኲላና ወደ አብሩዞ ተራሮች የምትመላለሱ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። በእንዲህ ያሉ መንገዶች ከኖቬምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም ከኅዳር 6 እስከ ሚያዝያ 7፣ የክረምት ጎማ ማድረግ ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። ጨውም እዚያው ይጠብቃችኋል።

እንግዲህ ከተማ ውስጥ ለምትነዱ ሦስት መለኪያዎች አሉ።

አንደኛው ጎማ ነው። የስፖርት መኪና ብዙውን ጊዜ የሚጫማው ለሙቀት የተሠራ ጎማ ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ጎማው ይደርቃል፣ መንገድ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። ሮም ላይ በጥር ወር ቀኑ ከዚህ በላይ፣ ሌሊቱና ማለዳው ግን ከዚህ በታች ነው። ስለዚህ በጠዋት ወደ ሥራ የሚነዳና እሑድ ከሰዓት የሚነዳ ሰው መልሳቸው አንድ አይሆንም።

ሁለተኛው የመንገዱ ሁኔታ ነው። ሳምፒየትሪኒ የሚባለው ጥቁር የኮብልስቶን ንጣፍ ሲረጥብ ያንሸራትታል። በቴቬሬ ወንዝ ዳር የረገፈ የዛፍ ቅጠል ሲጨመርበት ይብሳል። ሌላም አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ስቶርኒ የሚባሉ ጥቋቁር ወፎች በብዙ መቶ ሺዎች ሆነው ሮም ይከርማሉ። ማታ ማታ በወንዙ ዳርና በተርሚኒ ጣቢያ አካባቢ ዛፎች ላይ ያድራሉ። የጣቢያው አደባባይ፣ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቸንቶ፣ ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ድል ለነሷቸው “አምስት መቶዎቹ” መታሰቢያ የተሰየመ መሆኑን ታውቃላችሁ። የእነዚህ ወፎች ኩስ ቀለም ይበላል፣ ሸራም ያበላሻል። መኪናችሁ ከዛፍ ሥር የሚያድር ከሆነ የማሳረፊያ ቀናችሁ ከሌላው ሰው ይቀድማል።

ሦስተኛው እናንተው ናችሁ። በየሁለት ሳምንቱ፣ በደረቅ ቀን፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መንዳት ትችላላችሁ? ከቻላችሁ ሮም ላይ መኪናውን ጨርሶ ማቆም አያስፈልግም። ካልቻላችሁ በወጉ አሳርፉት። ከሁሉ የሚጎዳው መካከለኛው መንገድ ነው። ባለበት አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማጥፋት ባትሪውን ሳይሞላ ጭስ ማውጫው ውስጥ ውኃ ይተዋል።

ቀኑስ? የጥቅምቱ ለስላሳ ፀሐይ፣ ሮማውያን ኦቶብራታ የሚሉት፣ ጣሪያ ከፍቶ ለመንዳት ተወዳዳሪ የለውም። በኖቬምበር 11፣ በኅዳር 2 ግድም፣ የሳን ማርቲኖ በጋ የሚባሉ ጥቂት ሞቃት ቀናት ይጠበቃሉ። እነሱን አትለፏቸው። ከዚያ በኋላ ግን ኅዳር ሲታጠንን ምልክት አድርጉ። ኅዳር 12፣ እኛ ቤትና ደጅ የምናጸዳበት ቀን፣ መኪናውንም አጥቦና አድርቆ ለማስገባት ተስማሚ ነው። የማውጫው ጊዜ መጋቢት ማለቂያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሕጓን ከአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ጋር አጣጥማለች። መኪና በግል ጋራዥ ቢቆምም የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ይህን ለጊዜው ማቆም የሚቻለው ለኩባንያው በይፋ አሳውቆ ነው። በዚያ ጊዜ መኪናው መንገድ ላይ መታየት የለበትም፤ ቆሞም ቢሆን። ቅጣቱ ከ866 ዩሮ ይጀምራል፣ መኪናውም ይያዛል። ጋራዥ የሌላችሁ ኢንሹራንሱን እንዳታቆሙ። ቦሎ የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ አገር ነው። የጣሊያኑ ቦሎ ግን የባለቤትነት ግብር ስለሆነ መኪናው ቢቆምም ይከፈላል። ዕድሜያቸው 30 ዓመት የሞላ የግል መኪኖች ከዚህ ግብር ነጻ ናቸው፤ የሚከፍሉት መንገድ ላይ ሲወጡ አነስተኛ ገንዘብ ብቻ ነው።

ስታስገቡት ዘይቱን ቀይሩ፤ ያገለገለ ዘይት ውስጡ አሲድ አለበት። ላቦት እንዳይፈጠር ታንከሩን ሙሉ። ጎማውን ትንሽ ጨምራችሁ ንፉ። የእጅ ፍሬን አትያዙ፤ ሸራው ተጣብቆ ይቀራል። ይልቅ ማርሽ አስገቡና ታኮ አድርጉለት። ባትሪውን ፍቱት ወይም በቀስታ ከሚሞላ ቻርጀር ጋር አገናኙት። ጣሪያውን ደረቅ ሳለ ዝጉት፤ ረጥቦ የታጠፈ ሸራ ይሻግታል። የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ከሆነ በብርድ ስታጥፉት ይሰነጠቃል። ልባሱም አየር የሚያስገባ ጨርቅ ይሁን፤ ላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል።

እንግዲህ የጎረቤትን ቀን አትዋሱ። የምታሳርፉበትን ቀን የሚወስነው መኪናው የሚያድርበት ቦታ፣ የምትነዱበት ሰዓትና የኢንሹራንስ ውላችሁ ነው። ሦስቱን ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ ብታስቀምጡ መልሱ በእጃችሁ ነው። በቸር ይግጠመን።