ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት

ወልድያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የተከራየሁት በክረምት ነበር። ደላላው ጭቃውን እየዘለለ ከፊቴ ይሄዳል፣ «ግቢው ጸጥ ያለ ነው፣ ውኃ አለ፣ መብራት አለ» ይለኛል። አከራይዋ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቡናው ፈልቶ ስለነበር አንድ ሲኒ ሳልጠጣ ቤቱን አላሳዩኝም። ስለ ዋጋው፣ ስለ እንግዳ፣ ማታ በር ስለሚዘጋበት ሰዓት፣ እንጀራ የመጋገር ተራ ስለሚደርስበት ቀን በደንብ ተነጋገርን። ስለ ሽቦው ግን አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አላነሡም። ሁለት ወር ሳይሞላ የጎን ክፍሏ ተከራይ ምጣድ ስትሰካ ሶኬቱ ቀለጠ፤ ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ጠቆረ። «ምን ላድርግ የኔ ልጅ፣ እኔም እንዲሁ ሆኜ ነው የኖርኩበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ወልድያ የተከራይ ከተማ ናት። የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ በመሆኗ ሠራተኛ ተዛውሮ ይመጣል፤ የደሴና የመቀሌ መንገድ ወደ ወረታ ከሚገነጠለው ጋር የሚገናኘው እዚሁ በመሆኑ ነጋዴና ሾፌር አይጠፋም፤ ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መምህሩም ከግቢ ውጭ የሚያድረው ተማሪም ቤት ፈላጊ ሆኗል። በደሴ መንገድ ወረድ ሲሉ የሚያገኟት የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳም ብትሆን አነስ ትበል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። የግብርና ትምህርቱ፣ በወረዳው ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ የጤናና የመስተዳድር ሠራተኛው ሁሉ ቤት ይፈልጋል። ፍላጎቱን የሚሸከመው አፓርታማ አይደለም። ባለቤቱ ግቢ ውስጥ በአጥር ጥግ የተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች ናቸው፦ የባሕር ዛፍ ማገር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ መጸዳጃ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ የደረሰውን ጉዳት አንባቢ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ በር ተጠገነ፣ ቆርቆሮ ተለጠፈ፣ ኑሮ ቀጠለ።

ታዲያ ይህን ቤት ማን ይፈትሸዋል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። በአዋጁ መሠረት ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ቀርቦ ይመዘገባል፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ ጭማሪ የሚደረገውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንግሥት በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የትኞቹ ከተሞች በአዋጁ እንደሚገዙ የሚወስኑት ክልሎች ናቸው። ለተከራይ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅን በዓመት ሁለቴ ትምህርት ቤት ከመቀየር ያድናል። ትኩረቱ ግን ዋጋና ዘመን ነው። ሽቦውን፣ ጭስ መውጫውን፣ የመጸዳጃውን ጉድጓድ ገብቶ የሚያይ ሰው አላቆመም።

ይህ ልማዳችን የቆየ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ ትርፍ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ ዝቅተኛውን ኪራይ ቀነሰ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራዩትን ለቀበሌ አስረከበ። ኪራዩ ረከሰ፣ ቤቱ ግን በእድሳት እጦት አረጀ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለኑሮ በሚመች ሁኔታ እንዲያስረክብና እንዲጠግን ያስገድዳል። ተከራይ ግን ለአንድ ሶኬት ሲል ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ሌላ ቤት ከየት ያገኛል?

አደጋው ወዳለበት ልመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በግምት 3,500 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ብዙ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ግን ለአምፖል የታሰበ ነው። ሦስት ክፍል በአንድ መስመር ላይ፣ አንዷ ምጣድ፣ አንዷ ምድጃ ስትሰካ ሽቦው ይግላል። ቫልቮላው ቢቃጠል ደግሞ ቆም ብሎ በማሰብ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ይጠመዘዝበታል። እንግዲህ መከላከያውን በገዛ እጃችን አነሣነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ከሰል ነው። በክረምት ዝናቡ ሲበረታ ምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ይዞ ይመጣል፣ ሕፃን ደግሞ ቀድሞ ይጎዳል። ቤት ሲያዩ መስኮቱ እንደሚከፈት እጅዎን ሰድደው ይሞክሩት፤ ስንቱ መስኮት በሚስማር ተመትቷል መሰለዎት! የመርሳ ቤት ከሆነ ወንፊት እንዳለውም ይዩ፤ ሞቃቱ አካባቢ ወባ ያውቀዋል። ከዚያ መጸዳጃው ከውኃ ጉድጓዱ ምን ያህል ይርቃል? የመስኮቱ ብረት በእሳት ጊዜ ያስወጣል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። እርግጥ ቡና ከጠጡ በኋላ መጠየቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከቡናው በፊት ይጠይቁ።

ሌላው ዓለም ይህን ለተከራይ ድፍረት አልተወውም። እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ በላይ ቤተሰብ የሆኑ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚጋሩት ቤት የአካባቢ ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የለንደኑ ኒውሃም እ.ኤ.አ. በ2013 ፈቃዱን በወረዳው ላሉ የግል ኪራይ ቤቶች በሞላ አስፋፍቶታል። የጋዝ መስመር በየዓመቱ፣ የኤሌክትሪክ መስመር በየአምስት ዓመቱ ይፈተሻል፣ በየፎቁ የጭስ ደወል ይሰቀላል።

ይህን እንዳለ ወልድያ ላይ ማምጣት ግን የሚሆን አይመስለኝም። እዚህ አከራይ ማለት ብዙ ጊዜ ባልቴት ናት፣ ጡረተኛ ነው፤ ሦስት ክፍል የዘይትና የጤፍ መግዣቸው ናት። ፈቃድ ብቻ ቢጣልባቸው ወይ ኪራዩ ይጨምራል፣ ወይ ተከራዩ «ዘመዴ ነው» ተብሎ ይደበቃል። እኔን የሚታየኝ ቀለል ያለ መንገድ ነው፦ ውሉ ለምዝገባ ሲቀርብ አንድ ገጽ ይጨመርበት። ሽቦ፣ መስኮት፣ መጸዳጃ፣ ጣሪያ፤ አከራይም ተከራይም ያለበትን ሁኔታ ጽፈው ይፈርሙ። የከተማው ባለሙያ ደግሞ ከተመዘገቡት ጥቂቱን በዓመት አንዴ ዞሮ ይይ። ላስተካከለ አከራይ ከኪራይ ገቢ ግብሩ ላይ ጥቂት ቢታሰብለት ደግሞ ወረቀቱ እንደ ቅጣት አይታይም።

እኛስ ግቢ? ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን ለምጣዱ የብቻው ወፍራም መስመር አስዘረጋን። ሽቦውን እኔ ገዛሁ፣ ከሁለት ወር ኪራይ ላይ ተቀነሰልኝ፤ የእጅ ዋጋውን እሳቸው ከፈሉ። ምጣዱ ወደ በረንዳው ወጣ። በየሳምንቱ ተራዬ ሲደርስ እሳቸው ቀድመው ይወጡና ሶኬቱን በመዳፋቸው ይዳብሱታል፦ «አልጋለም፣ ጋግሪ» ይሉኛል።