ጀልባው ከመነሳቱ በፊት አሚር ይመረጥ

የድሮ ጓደኛሞች ተገናኝተው «ጣናን ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በጀልባ እንሻገር» ቢባባሉ መልካም ነው። መንገዱ ግን የአንድ ሰዓት ሽርሽር አይደለም፤ የሐይቁ ርዝመት ወደ 84 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ማለዳ ጸጥ ያለው ውኃ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ሊናወጥ ይችላል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭም በሞተር ላይ እየተጠመጠመ ጀልባ ያቆማል።

ስለዚህ ስንቅ ከመቋጠር በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን፣ ነዳጁ ለመመለሻም መብቃቱን፣ የአካባቢውን ጸጥታም ማጣራት ይገባል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወዲያው መነሳት ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አሚር መምረጥ ነው። ሦስት ሆነው ለጉዞ የወጡ ሰዎች አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። አብሮ አደግ ይተፋፈራል፤ «ፈራ» እንዳይባል ማዕበል እያየ ዝም የሚል፣ በቀልድ ጃኬቱን የሚያወልቅ አይጠፋም። ሥልጣኑ ቀድሞ ከተሰጠው ግን አሚሩ «እንመለስ» ሲል የሚቀየም አይኖርም። እርሱም ቢሆን ሐይቁን የሚያውቀውን ጀልባ ነጂ ያማክር።

ከጣና ላይ ቂብላው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ጀልባው ተናውጦ ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ተጓዥ ያለበትን ዕዳ፣ በእጁ ያለውን አማናና የሚመለስበትን ሰዓት ለቤተሰቡ ነግሮ ይውጣ። ጎርጎራ ሳይደርሱ በሰላም የተመለሱ ጓደኛሞች ሌላ ቀን ይሻገራሉ፤ ኢንሻአላህ።