ስለ ቲታኒየም አቆራረጥና ስለ ማቀዝቀዣው

ቲታኒየም የሚባለው ማዕድን ክብደቱ የብረትን እኩሌታ ጥቂት አለፍ የሚል ሲሆን፥ ብርታቱ ግን እጅግ ትልቅ ነው። ከመቶው 6 እጅ አሉሚኒየምና 4 እጅ ቫናዲየም ሲቀላቀልበት ይበልጡን ይጠነክራል፤ ስለዚህ የአውሮፕላን ሞተር ሠሪዎች ይመርጡታል። ነገር ግን በቶርኖ ላይ ታስሮ ቅርጽ ሲወጣለት መቁረጫውን ስለት ፈጥኖ ይጨርሰዋል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በጥንካሬው ያመካኛል፤ ዋናው ጠላት ግን ሙቀት ነው። ተራ ብረት ሲቆረጥ የሚወለደው ሙቀት አብዛኛው ከፍቅፋቂው ጋራ ይወጣል። ይህ ቅይጥ ግን ሙቀት የሚያሳልፈው የተራውን ብረት አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ በስለቱ ጫፍ ላይ ይከማቻል። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ቢፈቅድ፥ የብረትና የእንጨት ማንኪያ በሙቅ ውሃ ነክሮ ተማሮቹ እጀታቸውን እንዲዳስሱ ያድርግ።

የሙቀቱ ጕዳት በስለቱ ብቻ አይቀርም። በ1996 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር) በአሜሪካ አገር በፔንሳኮላ ከተማ፥ ለመነሣት ይሮጥ የነበረ አውሮፕላን የሞተሩ የቲታኒየም እንብርት ተሰብሮ 2 መንገደኞች ሞቱ። ሲመረመር ስንጥቁ የጀመረው ከአንድ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ፤ ቀዳዳው ገና በፋብሪካ ሲበሳ የማዕድኑ ውስጣዊ ጠባይ ተለውጦ ኖሯል።

ታዲያ ውሃ ማፍሰስ አይበቃምን? በጋለ ምጣድ ላይ የወደቀች የውሃ ጠብታ ቶሎ ሳትደርቅ ስትንከባለል ቤተ ሰብ ሁሉ ያያል፤ ከሥሯ የሚነሣው እንፋሎት ከምጣዱ ይለያታልና። በስለቱ ጫፍም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ፈሳሹን ከአየር ግፊት 70 እጥፍ በሚያህል ኀይል በቀጭን አፍ ይተኵሱታል፤ እንፋሎቱን ሰንጥቆ ይገባል፥ ረጅሙንም ፍቅፋቂ ይሰባብራል።

ሌላው መንገድ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ሲሆን፥ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። ሥራውን ፈጽሞ ወደ አየር ስለሚመለስ ዘይትና እድፍ አይተውም። ነገር ግን ወደ ስለቱ እንጂ ወደሚቆረጠው ማዕድን መርጨት አይገባም፤ ቲታኒየም ሲቀዘቅዝ ይብሱን ይጠነክራልና። ደግሞም ሽታና ቀለም ስለሌለው፥ በተዘጋ ቤት የሰውን እስትንፋስ አየር ሳይታወቅ ያባርራል፤ እንዲህ ያለ መኪና የሚቆምበት ቤት የአየር መውጫና መግቢያ ሳይበጅለት ሥራ አይጀመርበትም።