«ወታደር ለነበረ ሰው የፖሊስ ስልጠና ምን ያደርግለታል?»

በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ሲፈርሱ አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ተወስኖ ነበር። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ አሶሳም ውስጥ ሆነ ሌላ ቦታ ወሬው ሲነሳ አንድ አባባል አይጠፋም፦ «መተኮስ ያውቃል፣ ዲሲፕሊን አለው፤ መለዮውን ቀይሩለትና ሥራ ያስጀምሩት።»

መሠረት የለውም አልልም። መተከል ውስጥ በጥቃት ለከረመ ቀበሌ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሌሊቱን የሚጠብቅለት ሰው ነው። በረሃውን የለመደ፣ ትእዛዝ የሚያከብር፣ ቁስል የሚያስር ሰው ለፖሊስ ሀብት ነው። የማያስኬደው «ሌላ ምንም አይጎድለውም» የሚለው ነው።

ወታደር የሚሰለጥነው ጠላትን ለመምታት ነው። ፖሊስ ፊት የሚቆመው ግን ነዋሪ ነው፤ ተከሶ እንኳ እስኪፈረድበት ድረስ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንጹሕ ሆኖ የሚገመት። አሶሳ ገበያ ስልክ ተሰረቀ እንበል፤ አንድ ወጣት የደንብ ልብስ አይቶ ሮጠ። ግንባር የከረመ ሰው እጁ ወደ ቃታ ሊሄድ ይችላል። ፖሊስ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ማን አየ? ስልኩ ማን እጅ ተገኘ? የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በዚህ ውስጥ የማይቆጥረው ለጉዞ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው። ከጉባ እስከ ችሎቱ መንገዱ ቢርቅም ሰውዬው ጣቢያ ሳምንት ይደር ማለት አይደለም። በዱላ የወጣ ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ ደብዳቢው ራሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ይጠየቃል።

«ለሌባ ምን አንቀጽ ያስፈልገዋል?» የሚሉ ሰዎች ትዕግሥቴን ያስጨርሱኛል። ዱላ ጥፋተኛውን በነጻ ያስለቅቃል፣ ምስክሩን ዝም ያሰኛል። ጉሙዙም ሺናሻውም አማራውም የደንብ ልብስ አይቶ በሩን ከዘጋ፣ ታጣቂው የት እንዳደረ ለፖሊስ ማን ይነግረዋል?

ሌሎቹን አባባሎች ባጭሩ፦

«አማርኛ ይበቃል።» የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ተበዳይዋ ግን የደረሰባትን የምትናገረው በበርታ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ ሊሆን ይችላል።

«ማዕረግ ያለው ወዲያው መርማሪ ይሆናል።» ሻምበል መምራት ሌላ፣ የምርመራ መዝገብ ማደራጀት ሌላ።

«የተዋጋ ሰው ለፖሊስነት አይሆንም።» ይህም ሐሰት ነው፤ የሚማር ይሆናል።

ስንት ወር ይበቃል በሚለው አልከራከርም፤ ልማድ ከሰው ሰው ይለያያል። ስልጠናው ግን ሰልፍና ዒላማ ብቻ ከሆነ አዲስ ፖሊስ አላገኘንም።