«እመታዋለሁ» ብቻ የሚባልበት ጌም ለምን ይሰለቻል? የማርሻል አርት ሕግ በወረቀትና በዳይስ እንዲህ ይሠራል



አራት ሆነን ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል። የአንዱ ጓደኛችን ገጸ ባሕርይ የማርሻል አርት ማስተር ነው። ጠላት ፊት ለፊቱ ቆሟል።

«ምን ታደርጋለህ?»
«እመታዋለሁ።»

ዳይስ ተወረወረ፣ ምቱ ገባ፣ ከጠላት ላይ 5 ተቀነሰ። ተራው ዞሮ መጣ። «አሁንስ?» «እመታዋለሁ።» ሦስተኛው ዙር ላይ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ከፈተ።

የሚገርመው ይሄ ልጅ በእውነተኛው ሕይወቱ ለዓመታት ቴኳንዶ የሠራ ነው። አጠገቡ ያለችው ጓደኛችን ደግሞ አንድ እርግጫ ሰንዝራ አታውቅም፤ «እኔ ምን ልበል?» ብላ ዝም። ለሚያውቀውም ለማታውቀውም ያልሆነ ሕግ! እናም «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለን መፈተሽ ጀመርን። የተጫዋቾቹ አልነበረም፤ የሕጉ ነበር።

መጀመሪያ ግን፣ ይሄ ጌም ምንድነው?

ሮል ፕሌይንግ ጌም ይባላል። ስክሪን የለውም። አንዱ ጌም ማስተር ሆኖ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። «በሩን እሰብራለሁ» ስትሉ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ከሆነ ዳይስ ይወስናል። «ስትሬንጀር ቲንግስ» ላይ ልጆቹ ቤዝመንት ውስጥ ሲጫወቱ ያያችሁት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የዚህ ዓይነት ጌም ነው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት ሲሆን ከሁሉም በላይ የሚታወቀውም እሱ ነው።

ችግሩ ከየት መጣ?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተወለደው ከጦርነት ጌም ነው። ከሱ በፊት በ1971 የወጣው ቼይንሜል ትንንሽ የወታደር ምስሎችን ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ የሚያዋጋ ነበር። ሠራዊት ስታዋጉ የእያንዳንዱን ወታደር ቡጢ መቁጠር አትችሉም፤ ዳይስ ትወረውራላችሁ፣ ስንት እንደሞተ ታያላችሁ፣ በቃ። ይሄ ልማድ ወደ አዲሱ ጌም ተከትሎ መጣ። ጥያቄው ሁለት ብቻ ሆነ፦ ገባ ወይስ አልገባም? ስንት ተቀነሰ?

ጥሩርና ሰይፍ ላለው ባላባት ይሄ ይሠራል። በባዶ እጅ ለሚዋጋ ግን ውበቱ ሌላ ቦታ ነው። ርቀት መጠበቅ፣ ማታለል፣ የሰውየውን ሐሳብ ቀድሞ ማንበብ። መነኩሴው ተዋጊ ማለትም መንክ ወደ ጌሙ የገባው በ1975 ነው። በባዶ እጁ ክፉኛ ይመታል፤ ግን ያው እሱም በአብዛኛው የሚያደርገው ዳይስ ወርውሮ መምታት ነበር።

ታዲያ ሕግ የሚሠሩ ሰዎች ምን አደረጉ? ሦስት መንገዶችን እንይ።

👉 1ኛ፦ ሰዓቱን መቀየር

አንድ ዙር ስንት ሴኮንድ ነው? ዛሬ ባለው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ 6 ሴኮንድ ነው። ገርፕስ የሚባለው ጌም ላይ 1 ሴኮንድ ብቻ! ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 1 ሴኮንድ ከሆነ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለብቻው ውሳኔ ነው፦ ላታልል? ልመክት? ወደኋላ ልበል? ዙሩ ሲረዝም ደግሞ ዳይሱ የብዙ እንቅስቃሴ ማጠቃለያ ይሆናል። አጭር ሰዓት ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ ዋጋው ግን አንድ ድብድብ ምሽቱን ሙሉ ሊበላ መቻሉ ነው።

👉 2ኛ፦ ዋጋ ማስከፈል

በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም መንክ «ኪ» የሚባል የተወሰነ ነጥብ አለው። አንዱን ከፍሎ ሁለት ተጨማሪ ምት ይሰነዝራል፣ ወይ በዚያው ነጥብ ራሱን ይከላከላል። ከፍ ሲል ደግሞ ከፍሎ ጠላቱን ሊያደነዝዝ ይሞክራል። ነጥቡ ሲያልቅ አለቀ፤ እስኪያርፍ መጠበቅ ነው። አሁን «እመታዋለሁ» ብቻ አይበቃም፤ «አሁን ላውጣው ወይስ ላቆየው?» የሚል ጥያቄ መጣ።

👉 3ኛ፦ ምርጫውን መደበቅ

በ1994 ስትሪት ፋይተር የጠረጴዛ ጌም ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ አዎ፣ ያ የምታውቁት ስትሪት ፋይተር። ተጫዋቾች እንቅስቃሴያቸውን በካርድ ደብቀው ይመርጣሉ። ቀርፋፋው ይጀምራል፣ ፈጣኑ መሐል ገብቶ ያቋርጠዋል። ስለዚህ ከዳይሱ ይልቅ የተቃዋሚውን ፊት ማየት ትጀምራላችሁ።

ሕግ ስታይልን ይሠራል

ይሄ የጌም ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደረበትን ቴኳንዶ እንይ። እዚያ ሆድና ደረት ላይ የገባ ቡጢ 1 ነጥብ ነበር፣ እርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ የገባ እርግጫ 3። ዞሮ የተመታ እርግጫ ግን ሰውነት ላይ 4፣ ጭንቅላት ላይ 5 ያሰጥ ነበር።

ለምን? ምቱን የሚቆጥር ሴንሰር ከገባ በኋላ ብዙ ተወዳዳሪዎች የፊት እግራቸውን አንስተው እየነካኩ ነጥብ መልቀም ጀመሩ። «አሰልቺ ሆነ» የሚል ቅሬታ በዛ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ የዞሮ እርግጫን ነጥብ ከፍ ማድረግ ነበር። ሕጉ የሚሸልመውን ነገር ሰው ይሠራል። ያ ጓደኛችን «እመታዋለሁ» ሲል የነበረው ሕጉ ሌላ ምንም ስለማይሸልም ነው።

እኛስ ምን ሠራን?

ሁለት ሰው፣ ለየአንዳንዱ ሦስት ቁራጭ ወረቀትና አንድ የሉዶ ዳይስ ይበቃል። ወረቀቶቹ ላይ መምታት፣ መመከት፣ መያዝ ብላችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ ተጫዋች በ10 ትንፋሽ ይጀምራል። ሁለታችሁም አንድ ወረቀት ደብቃችሁ አስቀምጡ፣ እኩል ግለጡ።

▪️ መምታት መያዝን ያሸንፋል፤ ሊይዝ የገባው 2 ትንፋሽ ያጣል።
▪️ መያዝ መመከትን ያሸንፋል፤ የመከተው ይወድቃል፣ 3 ያጣል።
▪️ መመከት መምታትን ያሸንፋል፤ ምቱ ባዶ ይቀራል፣ መቺው 1 ያጣል።
▪️ አንድ ዓይነት ከወጣ ሁለታችሁም ዳይስ ወርውሩ፤ ያነሰው 1 ያጣል። እኩል ከሆነ ምንም የለም።

«ይሄማ ወረቀት፣ መቀስ፣ ድንጋይ ነው» ትሉ ይሆናል። መሠረቱ ነው፤ ግን ቅጣቶቹ እኩል አይደሉም፣ ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው። አሰላነው፦ ማንም ሊበልጠው የማይችል ተጫዋች ከ6 ጊዜ 3ቱን ይመታል፣ 2ቱን ይመክታል፣ 1ዱን ይይዛል። ትልቁን ቅጣት የሚያመጣው መያዝ ከሁሉም ያነሰ ጊዜ ነው የሚመረጠው!

አሁን ስታይል ጨምሩበት። የቴኳንዶ ተዋጊ ሲመታ በ2 ፈንታ 3 ይቀንሳል። የጁዶ ተዋጊ ሲይዝ በ3 ፈንታ 4። ጁዶ ከፊታችሁ ከቆመ «ብመክት ይጥለኛል» ብላችሁ መመከት ትቀንሳላችሁ። ሰውየው ገና አልያዛችሁም፤ ፍርሃቱ ግን ጨዋታችሁን ቀይሮታል። ማርሻል አርት የሚመስለው ይሄኔ ነው።

ከዚያስ? ያቺ እርግጫ የማታውቀው ጓደኛችን የጁዶ ማስተር ሆና ቴኳንዶ የሠራውን ልጅ ሁለት ጊዜ አሸነፈችው። «ሊመክት ሲል ትከሻው ይነግረኛል» አለች። እሱም ስልኩን ረስቶ «አንዴ ድገሚኝ» እያለ ነበር። እውቀቱ ያለው ገጸ ባሕርይዋ ጋ ነው፤ እሷ ጋ ያለው ውሳኔው ነው። ጥሩ ሕግ የሚሠራው ይሄንን ነው።

አንድ ክርክር ግን ገጥሞን ነበር። ትንፋሽ 0 ሲገባ ምን ይሆናል? መጀመሪያ «ሞተ» ብለን ጽፈን ነበር። ቴኳንዶ የሠራው ልጅ ተቃወመ፦ «እኛ ጨርሰን ተጎንብሰን እንሰጋገዳለን እንጂ አንገዳደልም።» ልክ ነው። ስለዚህ «ሕይወት» የሚለውን ሰርዘን «ትንፋሽ» አልነው፤ ያሸነፈውም ምን እንደሚያደርግ ራሱ ይናገራል። ይልቀቀው? እውነቱን ያስወጣው? እጁን ይዞ ያንሳው? ከድብድቡ በኋላ ታሪኩ የሚቀጥለው ከዚያ ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ ከወንድም ከእህት ጋር ሞክሩት፣ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ትግል፣ ቦክስ፣ ካራቴ... የናንተ ስታይል ምን ይጨምር፣ ምንስ ይቀንስ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የሚሠራውን ሞክረን እንመለስበታለን። ✊