ቁልቁል የሚንሸራተት የብስክሌት ኮርቻ

የዛሬው ንባባችን ስለ ብስክሌት ነው። ብስክሌት የለኝም ብለው ገጹን አይለፉት። ልጅዎ ወይም ጎረቤትዎ ይኖረዋል።

ባሕር ዳርን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አገሩ ሜዳ ነው። ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ነጋዴውም በብስክሌት ይሄዳል። እኔም ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት የምመላለሰው በብስክሌት ነው።

አንድ ክረምት ኮርቻዬ እምቢ አለኝ። ጠዋት ከፍ አድርጌ አጠብቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ስደርስ አራት ጣት ያህል ወርዷል። ያየኝ ሁሉ የልጅ ብስክሌት የተዋስኩ ይመስለዋል። ሳቁስ ባልከፋ! ጉልበቴ ግን ታመመ። ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበት ከመጠን በላይ ይታጠፋል። እንደታጠፈ ፔዳሉን ሲረግጡት የጉልበት ሎሚ ይጨነቃል። ሳምንት ሳይሞላ ደረጃ መውጣት አቃተኝ።

ለመሆኑ ኮርቻውን ምን ይዞታል? እስቲ ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ከኮርቻው ሥር ቀጭን ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ በብስክሌቱ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ይገባል። የወፍራሙ ቱቦ አፍ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ነው። አፉን ዙሪያውን የብረት ቀለበት ይዞታል። የቀለበቱ ብሎን ሲጠብቅ ስንጥቁ ይጠባል፤ አፉም ቀጭኑን ቱቦ አንቆ ይይዛል። የጤፍ ከረጢት አፍ በገመድ እንደማሰር ማለት ነው።

ኮርቻው ሲወርድ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ብሎኑን ማጥበቅ ነው። እኔም ያንኑ አደረግሁ። ጉልበት እንዲጨምርልኝ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ ሳብሁት። ጧ አለ! ብሎኑ ተበጠሰ። መንገድ መሐል ነበርሁ። ብስክሌቱን እየገፋሁ ስደርስ ተማሪዎቼ ያለ መምህር አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተቀምጠዋል። ስለዚህ እርስዎ ከማጥበቅ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ።

መጀመሪያ ቱቦው የቆመበትን ቦታ በብዕር ያስምሩ። ከዚያ ብሎኑን አላልተው ቱቦውን ይንቀሉት። ግራሶና ጭቃ ይዞ ይሆናል። በጨርቅ ይጥረጉት። ካልለቀቀ ጨርቁን ላምባ ያስነኩት። የወፍራሙንም ቱቦ ውስጥ በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ይጥረጉ። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት። አንዳንድ ሰው ቱቦውን በግራሶ ያጥለቀልቀዋል። እንዳይዝግና እንዳይጣበቅ ስስ ግራሶ ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ያንሸራትታል። ግራሶ ይልቅ ለብሎኑ ጥርስ ጥቂት ይቀቡለት። ያን ጊዜ ብሎኑ ሳይታገልዎ በደንብ ይጠብቃል።

አንዳንዱ ብስክሌት በብሎን ፈንታ በእጅ የሚታጠፍ እጀታ አለው። እጀታው ሲታጠፍ መዳፍዎ ላይ ምልክት ካልተወ፣ ገና ልል ነው።

ጠርገውና አጥብቀው አሁንም ከወረደ፣ ስንጥቁን ይዩት። ሁለቱ ከንፈሮች ተነካክተዋል? ከተነካኩ ቀለበቱ ከዚያ በላይ ማነቅ አይችልም። ወይ ቀለበቱ ተለጥጧል፣ ወይ ቱቦው ቀጭን ነው።

ቱቦው ቀጭን መሆኑን በምን ያውቃሉ? በማንበብ ነው! በቱቦው የታችኛው ክፍል ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተቀርጿል። 25.4 ወይም 27.2 ወይም ሌላ ይላል። ይህ የቱቦው ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። ነጥቧን አይዝለሏት፤ ከነጥቧ በኋላ ያለችው ቁጥር ናት ጉዳዩ። የእኔው ቱቦ 26.8 ይላል። ከዚያ በፊት የተለወጠልኝ አሮጌው ቱቦ ቤት ውስጥ ተጥሎ ነበር፤ ባነሣው 27.2 ይላል። አንድ ጠጋኝ ቀጭን ቱቦ ሰጥቶኝ ኖሯል። እኔም ሌላውን ሰው ማንበብ የማስተምር ሰው፣ አንዲት ቁጥር ሳላነብ ገንዘቤን ከፍዬ ወጣሁ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።

የጎደለኝ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ኢምንት ይመስላል፤ ግን ኮርቻውን የሚጥለው እሱ ነው። ትክክለኛውን ቱቦ እስካገኝ ድረስ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በመቀስ ቆረጥሁ። ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የዚህ ቆርቆሮ ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቱቦውን አንድ ጊዜ ሲዞረው በግራም በቀኝም ስለሚጨምር 0.2 ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሲዞረው 0.4 ሞላ። የላይኛውን ጠርዝ ጥቂት ወደ ውጭ አጥፌ ነበር፤ አለዚያ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ ጣትዎን ይጠብቁ። ይህ ግን ጊዜያዊ ነው። ወፍራም ቱቦ በመዶሻ መትቶ ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። የብስክሌቱን አካል ይሰነጥቀዋል።

ሲመልሱት ቱቦው ላይ የተቀረጸ የአግድም መስመር ካለ ያስተውሉ። ያ መስመር ከውስጥ መቅረት አለበት። ከወጣ ቱቦው ሊሰበር ይችላል፤ እርስዎም ይወድቃሉ። መስመር ከሌለው የቱቦው ጫፍ አግዳሚው ብረት ከሚገጥምበት ቦታ በታች ይውረድ።

ከፍታውንስ? አንድ ሰው ብስክሌቱን ይያዝልዎት። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው፣ ፔዳሉን ታች አድርገው፣ ተረከዝዎን ያሳርፉበት። እግርዎ ቀጥ ካለ ልክ ነው። በፊት እግርዎ ሲረግጡት ጉልበትዎ በጥቂቱ ብቻ ይታጠፋል። እዚያው ላይ አዲስ መስመር ያስምሩና ይንዱ። ሲመለሱ መስመሩ ካልሰመጠ ኮርቻው ይዟል ማለት ነው።

ልምምድ፦ ከቤትዎ ወይም ከጎረቤት ብስክሌት ላይ የቱቦውን ቁጥር አንብበው፣ ከነነጥቡ በደብተርዎ ላይ ይጻፉ።